ገበሬው ራሱ የሞላው ከረጢት

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ዶክተር አንለይ ሦስት ነገር አሳዩኝ፤ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ፣ የአፈር አሲዳማነት የምንለካበትን ፒኤች ሜትር፣ እና «ይህን አትክፈቺ» ያሉኝን መሳቢያ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ማንበባቸውን ቀጠሉ። እኔ ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ወለሉ መሃል ቆሜ ቀረሁ። ተቀመጪ የሚለኝ ጠፍቶ እስከ ምሳ ሰዓት ቆምኩ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን ብዙ ቆሜያለሁ።

ካምፓሱ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት አቅራቢያ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ አብረውኝ ከሠሩት መካከል ገና በሥራ ላይ ያሉ አሉ። ጊዜው ዩኒቨርሲቲ በየአካባቢው የሚከፈትበት፣ ሠራተኛ ሁሉ አንድ ለአምስት የሚደራጅበት ዘመን ነበር። አጥሩ አላለቀም። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ የገበሬ በቆሎ ነበር፤ በሬዎች አንዳንዴ እስከ መስኮቱ ይመጣሉ። የእኔ ማዕረግ ረዳት ምሩቅ ይባላል፤ በአስተማሪዎች መሰላል ላይ የመጨረሻው ደረጃ ነው።

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ቀድሜ ካልተናገርኩ የሚቀጥለው አይገባም። በር ቆልፌ ተመልሼ ሦስቴ የምገፋ፣ ስሜ ሲጠራ ምን አጥፍቼ ይሆን ብዬ የምነሳ ሰው ነኝ። ጥያቄ ካለኝ መልሱን ራሴ እስካገኝ አልጠይቅም፤ ካላገኘሁት ደግሞ ጥያቄውን እተወዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ ይህ ጠባይ ጎበዝና ጭምት አስብሎኛል። ሥራ ላይ ምን እንዳደረገኝ ነው የምጽፈው።

ዶክተር አንለይ የአፈር ሳይንስ ረዳት ፕሮፌሰርና የቤተ ሙከራው ኃላፊ ነበሩ። ነጭ ጋዋናቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ፤ ሲናገሩ ድምፃቸው ለራሳቸው ብቻ ይሰማል። አፈር በጣቶቻቸው መካከል አሻሽተው ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ ያውቃሉ። ያወቁትን ግን አይናገሩም፤ ሰማያዊ ደብተር ላይ ይጽፉታል። ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ የመሳቢያው ቁልፍ ደግሞ ኪሳቸው ውስጥ ይገባል።

ሥራውን የተማርኩት ከጀርባቸው ቆሜ በማየት ነው። አፈሩ በጥላ ይደርቃል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በሁለት ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል። ከዚያ ተመዝኖ በተጣራ ውሃ ይበጠበጥና ንባቡ ይወሰዳል። ስሳሳት «እንደሱ አይደለም» ይሉኛል። እንዴት እንደሆነ ግን አይጨምሩም። እኔም እንዴት ነው ብዬ አልጠይቅም። እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት አለፈ።

ሰው መሆኔን ያስታወሰኝ መምህር ጌታነህ ነው። የሰብል መምህር ነበር፤ በሩ አይዘጋም፣ አፉም አይዘጋም። በመጀመሪያው ሳምንት የፈተና ጥያቄዎቹን፣ የትምህርት ማስታወሻዎቹን፣ የምሳ ቤቶቹን ደረጃ፣ የዲኑን ጠባይ ሁሉ ነገረኝ። ለአዲስ ሰው ሁሉ ፍላሹን ይሰጣል፤ ፍላሹ ላይ ማስታወሻውም ቫይረሱም አብረው አሉ። የውሃ ማጣሪያው ማሽን ሲያስቸግር በየት በኩል እንደሚመታ ያሳየኝ እሱ ነው። እስካሁን ሳስበው ደስ ይለኛል።

ሐሙስ ሐሙስ የእኛ አንድ ለአምስት ይሰበሰባል። ጌታነህ ጸሐፊ ነበር። ቅጹ ላይ «የታዩ ክፍተቶች» የሚል ቦታ አለ፤ ሁልጊዜ «የሰዓት መሸራረፍ» ብለን እንሞላዋለን። ማንንም የማይጎዳ ጥፋት ስለሆነ ተስማምተንበታል። «የልምድ ልውውጥ» በሚለው ሥር ደግሞ «ተካሂዷል» ይጻፋል። ቃለ ጉባኤው ወደ ግምገማ ይሄዳል፣ ግምገማው ወደ ማኅደር ይሄዳል፤ ስለዚህ ማንም እውነተኛ ስህተቱን እዚያ አያወጣም። ዶክተር አንለይ በዚያ ስብሰባ ላይ ከ«እስማማለሁ» በቀር ሌላ ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም።

በሦስተኛው ዓመት የዞኑ ግብርና ሥራ ጠየቀን። በሰከላ ወረዳ፣ ከግሽ ዓባይ ማዶ ባለ አንድ ቀበሌ መሬቱ በአሲድ ተጎድቶ ገብስ እምቢ ብሏል። ገበሬው ገብሱን ትቶ እንግዶ ይዘራል፤ እንግዶ በደከመ መሬት ላይ የሚበቅል፣ ሰው ሌላ ሲያጣ የሚበላው እህል ነው። ለዚህ መሬት መድኃኒቱ የተፈጨ ኖራ ነው። ኖራው ግን ለሁሉም ስለማይበቃ፣ ለየትኛው ቀበሌ ቅድሚያ ይሰጥ የሚለው በአፈር ምርመራ ይወሰናል። ዶክተር አንለይ ደብዳቤውን አንብበው ወደ እኔ ገፉት። «ሥሪው» አሉ።

በዚያው ሰሞን ስሜ ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ተልኮ ነበር። የሚጠበቅብኝ እስከ ሰኔ ንጹሕ ግምገማ ይዞ መቆየት ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ ያለ እንከን መጨረስ ነበረብኝ።

ካምፓሱ የነበረው አንድ ፒክ አፕ ነው። ተራ ደርሶኝ በጠዋት ወጣሁ። አውገር የምንለውን ጠመዝማዛ የአፈር መቆፈሪያ ብረት፣ ባልዲና ሠላሳ ከረጢት ይዣለሁ። ቀበሌው ስንደርስ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አየሁ። ያኔ ነው ቀኑን ያስታወስኩት። ወሩ በገባ ሃያ አንድ ቀን ነበር፤ ማርያም።

የልማት ሠራተኛው ከአያ ቢያዝን ጋር አገናኘኝ። በቀበሌው ቃላቸው የሚሰማ፣ ደጋን የመሰለ ጀርባ ያላቸው አዛውንት ናቸው። አውገሩን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ልጀ፣ ዛሬኮ ማርያም ናት። ብረት መሬት አይነካም።»

«አውቃለሁ፣ አያ።»

እውነትም አውቅ ነበር። አባቴ በማርያም ቀን እንኳን መሬት ሊቆፍር ሣር አያጭድም ነበር። ሌላ አገር ያደገ ባለሙያ ምናልባት ተከራክሮ ይቆፍር ነበር፤ እኔ ግን አውገሩን ከመኪናው ሳላወርድ ሸፈንኩት። ሹፌሩ ደግሞ መኪናው ከነገ ጀምሮ ለሦስት ሳምንት በሌላ ሥራ ተይዟል አለኝ። የምርመራው ውጤት የሚጠበቀው ከዚያ በፊት ነው።

አያ ቢያዝን ጭንቀቴን አይተው ነው መሰለኝ አዘኑልኝ። «ከረጢቱን ተይልን። ነገ እኛው ቆፍረን በአውቶቡስ እንልክልሻለን። አፈሩ የኛው፣ እጁም የኛው።»

አወሳሰዱን በችኮላ አስረዳኋቸው። ከማሳው እየተዟዟሩ ከአሥር ከአሥራ አምስት ቦታ፣ አንድ ስንዝር ያህል ጠልቀው፣ አንድ ላይ ቀላቅለው እንዲሞሉት ነገርኳቸው። «ይሁን» አሉ። ሠላሳውን ከረጢት ለልማት ሠራተኛው ሰጥቼ ተመለስኩ።

መንገድ ላይ የዶክተር አንለይን ቁጥር ደወልኩና ገና ሳይጠራ ዘጋሁት። ሁለተኛም ደውዬ ዘጋሁት። ከዚያ ለጌታነህ ደወልኩ። «አፈር አፈር ነው፣ እቴ። ማንም ቆፈረው ማን ምን ለውጥ አለው? አትጨነቂ» አለኝ። ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ። ጌታነህ የሚያስተምረው ሰብል እንጂ አፈር እንዳልሆነ ያኔ አላስታወስኩም፤ ወይም ማስታወስ አልፈለግኩም።

ከረጢቶቹ በአራተኛው ቀን ደረሱ። አፈሩ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ሽታው ደስ የሚል ነበር። ስነፋው በወንፊቱ ላይ ከሰል ቀረ። በሌላው ከረጢት የሽንኩርት ቅርፊት አገኘሁ። በአንዱ ደግሞ የዶሮ ላባ ወጣ። መመሪያው ሥር፣ ጠጠርና ባዕድ ነገር አውጥተሽ ጣይ ይላል፤ አውጥቼ ጣልኩ። ላባው ከየት መጣ ብለሽ ጠይቂ አይልም።

ፒኤች ሜትሩ ከስድስት በላይ አነበበ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበዛል፤ በዚያ አካባቢ ከአምስት በታች መሆን አለበት። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ አስተካከልኩት። መሣሪያው ደኅና ነበር። ዶክተር አንለይ ከእኔ ሦስት እርምጃ ርቀው ተቀምጠዋል። ከመፈረማቸው በፊት ያዩታል፤ ስህተት ካለው ይነግሩኛል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሪፖርቱ አጭር ነበር፤ የቀበሌው መሬት ለጊዜው ኖራ አያስፈልገውም የሚል ነው። ከግርጌው «ናሙናውን የወሰደው ባለሙያ» የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ራሴንም ይህ ፎርማሊቲ ነው ብዬ አሳመንኩት።

ዶክተር አንለይ ወረቀቱን ተቀብለው ብዙ አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። እኔ የእጅ ማጠቢያውን አየሁ። ቧንቧው ያንጠባጥባል፤ ጠብታዎቹን መቁጠር ጀመርኩ። መነጽራቸውን መልሰው አድርገው «አረጋግጫለሁ» በሚለው ላይ ፈረሙ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት በደንብ አላስታውሳቸውም። ተማሪ «መምህርት» ብሎ ሲጠራኝ እደነግጣለሁ። የቀሩትን ከረጢቶች ከመደርደሪያው ላይ አንሥቼ ከጠረጴዛ ሥር አስገባኋቸው፤ ቀን በቀን ማየቱ አስጨነቀኝ። ጌታነህ «ከስተሻል» ሲለኝ የጨጓራ ነው አልኩት። እሱም በበነጋው ለጨጓራ ይሆናል ብሎ አብሽ አመጣልኝ። ተቀብዬ ጠጣሁ።

አንድ ረቡዕ ከረፋዱ ላይ ጥበቃው ሰው ይፈልግሻል አለኝ። አያ ቢያዝን በር ላይ ቆመዋል፤ እግራቸው እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው፣ ትከሻቸው ላይ ትንሽ ስልቻ አለ። ወደ ቤተ ሙከራው አስገባኋቸው። ዶክተር አንለይ ክፍል እያስተማሩ ስለነበር ሁለታችን ብቻ ነን። ወንበር አቀረብኩላቸው፤ ከዳሩ ላይ ተቀመጡ።

«ከኖራው ዝርዝር ወጥታችኋል አሉን» አሉ። «መሬታችሁ ጤነኛ ነው ብላችኋል አሉ። እኛ ግን ጤነኛ መሬት የለንም፣ ልጀ።»

ሊወቅሱኝ ግን አልመጡም።

«እኛም አጠፋን። አንች ከሄድሽ ወዲያ ወሬ ተወራ። የሞተ መሬት የተገኘበትን ይነጥቁታል፣ ለባለሀብት ይሰጡታል ተባለ። ደግሞስ ለተማረ ሰው የሚላክ ነገር የተበላሸውን እንዴት ይልኩታል? ከጓሮ ቀዳንላችሁ። አመድ ከሚደፋበት፣ ከብቱ ከሚያድርበት።» ስልቻውን ከትከሻቸው አወረዱ። «ይሄ የማሳዬ ነው። ካሥራ አምስት ቦታ ነው የወሰድኩት፣ እንዳልሽው። ሌሎቹም ይመሰክራሉ።»

ከዚያ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያለውን ጠየቁኝ።

«አንች ግን ስትመረምሪው አላወቅሽም?»

አውቄያለሁ ማለት አልቻልኩም። አላወቅሁም ማለትም አልቻልኩም። ላባው ትዝ አለኝ። «አሁን ይህን እመረምረዋለሁ» ብቻ አልኳቸው። እሳቸውም መልሱን ሳይዙ አገራቸው እንደማይገቡ ነግረውኝ ቡሬ ዘመድ ጋር ሊያድሩ ሄዱ። ከመውጣታቸው በፊት ዝርዝሩ ዓርብ ጠዋት ፍኖተ ሰላም ላይ በስብሰባ እንደሚጸድቅ ነገሩኝ። እኔ አላውቅም ነበር።

አፈሩን በማድረቂያ ምድጃ አድርቄ ሐሙስ ረፋድ ላይ መረመርኩት። አሲዱን ለመለካት ወደ አፈሩ ውሃ ሶዳ እናንጠባጥባለን፤ አሲዱ ሲያልቅ ፈሳሹ ሮዝ ይሆናል። የጓሮው አፈር በጥቂት ጠብታ ሮዝ ሆኖ ነበር። ይህኛው እምቢ አለ። ጠብታው ቀጠለ፤ ፈሳሹ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሮዝ በሆነ ጊዜ እኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ።

ከሰዓት በኋላ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ነበር። ጌታነህ ቅጹን ዘርግቶ «ክፍተት፤ የሰዓት መሸራረፍ፣ እንደተለመደው» አለ። አፌን ከፈትኩ። አምስቱም ሰዎች አዩኝ። የጌታነህ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ነው። የተላከው ስሜ፣ ሰኔ፣ ማኅደሬ በፊቴ መጡብኝ። «እስማማለሁ» አልኩ። ድምፄ የዶክተር አንለይን ድምፅ ይመስል ነበር። ለራሴ ብቻ ነው የተሰማኝ።

ስብሰባው ሲያልቅ ግን ወደ ቤቴ አልሄድኩም። ዶክተር አንለይን ተከትዬ ቤተ ሙከራው ገባሁ።

«ዶክተር፣ የሰከላው ሪፖርት ስህተት ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«መቼ አወቁ?»

«ስፈርም።»

ወንበር ይዤ ቆምኩ። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝም።» ከዚያ በሦስት ዓመት ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ የረዘመውን ንግግራቸውን ተናገሩ። «ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ወረቀቱን ይዤ ቀና ስል ብታዪኝ ኖሮ እነግርሽ ነበር። ማጠቢያውን ስታዪ ተውኩት። አንቺ እንደምትፈሪው እኔም እፈራለሁ።»

መሳቢያውን ከፍተው ሰማያዊውን ደብተር ሰጡኝ። ገጹን ራሳቸው ገለጡት። «በበዓል ቀን ናሙና ለመውሰድ አትሂድ። ገበሬው ራሱ የሞላው ከረጢት የጓሮ አፈር ነው። ከሰልና ላባ ካየህ መልሰው» ይላል።

«እኔ የሄድኩት የገብርኤል ዕለት ነበር» አሉ። «ሌላ መሥሪያ ቤት ሳለሁ። በግምገማ ላይ ግለ ሂስ አውርድ ሲሉኝ ይህንኑ ተናገርኩ፤ ሌላው ይማርበት ብዬ። የአቅም ውስንነት ያለበት ብለው ጻፉብኝ። ማዕረግ በጠየቅኩ ቁጥር ያችን ወረቀት እያወጡ ያነቡልኛል። ከዚያ ወዲያ የማውቀውን ለደብተር ብቻ ነው የምነግረው።»

ተናደድኩ። በእሳቸው ይሁን በራሴ እስካሁን አልለየሁትም። መልሱ ከእኔ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ቁልፍ ተቆልፎበት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደተቀመጠ አሰብኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ደግሞ አንድም ቀን ምን ይጽፋሉ ብዬ አልጠየቅኩም።

«ነገ ፍኖተ ሰላም እሄዳለሁ» አልኩ።

«ስምሽ ለትምህርት ተልኳል።»

«አውቃለሁ።»

ደብተሩን መልሰው ጋዋናቸውን ሰቀሉ፤ ወጡ።

ዓርብ ጠዋት አያ ቢያዝንን ይዤ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ዶክተር አንለይ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ደብተሩ በፌስታል ተጠቅልሎ ጭናቸው ላይ አለ። እስከ ፍኖተ ሰላም አልተነጋገርንም። መናኸሪያው ላይ ስንወርድ ብቻ ጠጋ ብለው «አታብራሪ። የሆነውን ብቻ ተናገሪ» አሉኝ። አዳራሹ ድረስ በባጃጅ ሄድን።

አዳራሹ ውስጥ የወረዳ ሰዎች ሞልተዋል። የስብሰባው ሰብሳቢ ስለ አያ ቢያዝን ቀበሌ ሲያነቡ እጄን አወጣሁ። ጠረጴዛውን ተደግፌ ተነሣሁ። «ሪፖርቱ ስህተት ነው» አልኩ።

ሰብሳቢው ወረቀቱን ገለጡ። «ናሙናውን የወሰደው ማን ይላል?»

«እኔ ነኝ ይላል።»

«ወስደሻል?»

«አልወሰድኩም። በበዓል ቀን ሄጄ ገበሬዎቹ ራሳቸው እንዲሞሉት ከረጢቱን ሰጥቻቸው ተመለስኩ። የጓሮ አፈር መሆኑን የሚያሳይ ነገር አይቼ ዝም አልኩ።»

አንድ ሰው ከፊት «ይሄማ ማጭበርበር ነው» አለ። ትክክል ስለነበር አልመለስኩለትም። ያኔ ዶክተር አንለይ ከኋላ ተነሡ። እንዲህ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም፤ ጩኸታቸው ግን የሌላ ሰው መደበኛ ድምፅ ነበር።

«ያረጋገጥኩት እኔ ነኝ። እኔም አይቻለሁ። አውቄ ነው የፈረምኩት። በሷ ላይ የሚጻፈው በኔም ላይ ይጻፍ።»

አያ ቢያዝንም ተነሡ። «የሞላነው እኛ ነን» አሉ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሹ። ከዚያ በአሥር ቀን ውስጥ አዲስ ናሙና እንዲቀርብና የቀበሌው ጉዳይ እስከዚያ እንዲቆይ ወሰኑ።

ናሙናውን ለመውሰድ ዶክተር አንለይና እኔ በሥራ ቀን፣ በሕዝብ አውቶቡስ፣ አውገሩን በጆንያ ጠቅልለን ሄድን። በየማሳው ላይ እሳቸው ቆፍረው፣ አፈሩን መዳፌ ላይ አድርገው «ይህን ሽተቺው። አሁን ያንን» ይሉኛል። ከጓሮው አፈር አንድ እፍኝ፣ ከማሳው አንድ እፍኝ አስይዘው ለሰዓታት አስተማሩኝ። ድምፃቸው እንደ ድሮው ነው፤ ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረብኝ። በዚያች ቀን የተማርኩት ከሁለት ዓመቱ ይበልጣል።

ቀበሌው ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ግን ዘግይቶ ስለነበር ከእርሻ በፊት የደረሰው ኖራ ለግማሹ ገበሬ ብቻ ነው። መጀመሪያ ለመንገድ ዳር ማሳዎች ተሰጠ። የአያ ቢያዝን ማሳ ከወንዙ ማዶ ነበር። አልደረሳቸውም። የልማት ሠራተኛው ሲነግረኝ ምን እንዳሉ ጠየቅሁት። «ለከርሞ ያድርሰን አሉ፤ እንግዶአቸውን ዘሩ» አለኝ።

እኔና ዶክተር አንለይ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰን። ለትምህርት የተላከው ስሜ ተመለሰ፤ የሄድኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከፍኖተ ሰላሙ ስብሰባ በኋላ ባለው ሐሙስ በቅጹ ላይ ከ«የሰዓት መሸራረፍ» ሌላ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ተጻፈ። ጌታነህ ሁሉንም በዝርዝር፣ ከነላባው፣ አሰፈረው። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ «ሌላው ይማርበት ብዬ ነው» አለ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እሱ ነገር መያዝ አይችልም። ለአንድ ወር ያህል አላናገርኩትም።

ጌታነህ ለካምፓሱ ሁሉ አወራው። እኔ በመተላለፊያው ላይ አንገቴን ደፍቼ እሄድ ነበር። ከዚያ ያልጠበቅሁት ሆነ። አንዱ የእንስሳት መምህር ወደ ቤተ ሙከራው መጥቶ በሩን ዘጋና ከዓመታት በፊት የሠራውን ስህተት ነገረኝ። በሳምንቱ ሌላዋ መጣች። አንድ በአንድ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ስህተቷ የታወቀባት ሰው ጋ መናገር ቀሏቸው ይመስለኛል። ሐሙስ ሐሙስ ስንሰበሰብ ያልተደረገው የልምድ ልውውጥ እንዲያ ሆኖ ተካሄደ። ጌታነህን መልሼ ያናገርኩት ያኔ ነው።

ዶክተር አንለይ ከዚያ በኋላ ተናጋሪ አልሆኑም። ሰው እንዲያ አይለወጥም። ብቻ መሳቢያውን መቆለፍ ተዉ። እኔ ከፍቼ አነባለሁ፤ ያልገባኝ ቦታ ላይ ወረቀት እሰካለሁ። በማግስቱ መልሱ በወረቀቱ ጀርባ ተጽፎ አገኘዋለሁ። ጡረታ ሲወጡ ደብተሩን ሳይነግሩኝ እዚያው ትተውት ሄዱ።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ከሆንኩ በኋላ ለአዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን የማሳየው አንድ ነገር ነው። መደርደሪያው ላይ ክዳን ያለው ብልቃጥ አለ፤ ውስጡ ጥቁር አፈር ነው። ከጠረጴዛ ሥር ከደበቅኋቸው ከረጢቶች ያስቀረሁት ነው። ላባው የለም፤ እሱን ጥዬዋለሁ። «ይህ የአያ ቢያዝን ጓሮ አፈር ነው። የማሳ አፈር ነው ብዬ ፈርሜበታለሁ» እላለሁ። ከዚያ የሆነውን ሁሉ እነግራቸዋለሁ።

ፈሪነቴ አልለቀቀኝም። በር ቆልፌ አሁንም ተመልሼ እገፋለሁ። ግን የማውቀውን ለመናገር ጥያቄ አልጠብቅም። በዚያ ጉዳይ ውስጥ እውነቱን የምናውቅ ብዙ ነበርን፤ ዶክተር አንለይ፣ እኔ፣ አያ ቢያዝንና ጎረቤቶቻቸው። ሳይጠየቁ መጥተው የተናገሩት አያ ቢያዝን ብቻ ናቸው። ኖራው ያልደረሳቸውም እሳቸው ናቸው።